ዋስ የሆነ ይጠየቅ፦ ስለ ኢ-ሜይል ነጭ መዝገቦችና ስለጎደላቸው የአቤቱታ በር

በአገራችን አንድ ሰው በገንዘብ ያዥነት ሲቀጠር ዋስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ዋሱም ወረቀት ላይ ፈርሞ የሚሄድ ታዛቢ አይደለም፤ ዋስ የሆነለት ሰው ገንዘብ ቢያጎድል ዕዳው ወደ እርሱ ይዞራል። ዋስትና ክብደት የሚኖረው ዋሱን ፈልጎ ማግኘትና መጠየቅ ስለሚቻል ነው። አድራሻው የማይታወቅ፣ ቢከሰስም የማይሰማ ዋስ ካልተጻፈበት ወረቀት አይሻልም። በዚህ ጽሑፍ ልንሟገትለት የተነሣነው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ቦታው ግን የቅጥር ቢሮ ሳይሆን በየቀኑ የምንከፍተው የኢ-ሜይል ሳጥን ነው።

ለዚህ ሐሳብ መነሻ የሆነን አንድ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ያመለከተ አንድ ተማሪያችን የድጋፍ ደብዳቤ እንድንጽፍለት ጠይቆን ነበር። ያመለከተበት ተቋም ደብዳቤውን እንድንልክ የሚያሳስብ ኢ-ሜይል ልኮልን ኖሮ፣ መልእክቱ ወደ አይፈለጌ መልእክት ማኅደር ገብቶ ሳናየው የመጨረሻው ቀን አለፈ። ተማሪው የዚያን ዓመት ዕድሉን አጣ። በዚያው ሳምንት ግን ስሙን ሰምተነው የማናውቅ አንድ «ዓለም አቀፍ ጉባኤ» ገንዘብ ከፍለን ጥናት እንድናቀርብ ሦስት ጊዜ ጋብዞን ነበር፤ ሦስቱም ግብዣዎች በዋናው ሳጥናችን ተደርድረው ነበር።

ነገሩ ቢከነክነን የሁለቱን መልእክቶች ራስጌ ጎን ለጎን አድርገን አነበብን። ማጣሪያው የጉባኤውን ግብዣ አልተጠራጠረውም ማለት አይቻልም፤ ብዙ የጥርጣሬ ነጥብ ሰጥቶት ነበር። ይሁን እንጂ መልእክቱን በጅምላ ያስተላለፈው ድርጅት በአንድ ነጭ መዝገብ ላይ የሰፈረ በመሆኑ ነጥቡ ተቀንሶለት አልፏል። የተማሪያችን ተቋም በበኩሉ ዋስ አልነበረውም። «ይህን ላኪ ታማኝ ነው ብላችሁ የመሰከራችሁ ሆይ፣ ተሳስታችኋል» ብለን አቤት የምንልበትን በር ስንፈልግ ግን አጣን።

ማጣሪያው እንዴት ያመዛዝናል?

ኢ-ሜይል የሚጓጓዝበት፣ ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. በመባል የሚታወቀው ደንብ በጆናታን ፖስተል ተጽፎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በዚያን ጊዜ የመረቡ ተጠቃሚዎች በአብዛኛው የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ስለነበሩ፣ ደንቡ ላኪው «እኔ እገሌ ነኝ» ሲል እውነቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ አላካተተም። የመተማመኑ መሸርሸር ግን ከዚያም በፊት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1978 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሠራተኛ የነበረው ጌሪ ተርክ በአርፓኔት ላይ ለሚገኙ 400 ያህል ሰዎች የኮምፒዩተር ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ይህ መልእክት ዛሬ የአይፈለጌ መልእክቶች ሁሉ በኩር ተደርጎ ይቆጠራል።

ይህን ጎርፍ ለመመከት ከተሠሩት ሶፍትዌሮች አንዱ ስፓምአሳሲን ነው። ጀስቲን ሜሰን እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ ያቀረበው ሲሆን ከ2004 ጀምሮ በአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥር ይገኛል። በነጻ የሚገኝና የውስጥ ጽሑፉ ለማንም ክፍት የሆነ በመሆኑ የራሳቸውን የኢ-ሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ተቋማት ይጠቀሙበታል። አሠራሩ ለተማሪ በቀላሉ የሚገባ ነው። አንድ መልእክት ሲመጣ በብዙ መመዘኛዎች ይፈተናል፤ እያንዳንዱ መመዘኛም ነጥብ ይሰጣል። አጠራጣሪ ምልክት ነጥብ ይጨምራል፤ የታማኝነት ምልክት ነጥብ ይቀንሳል። ድምሩ 5 ከደረሰ መልእክቱ አይፈለጌ ተብሎ ይፈረጃል።

ነጭ መዝገብና ጥቁር መዝገብ ከእነዚህ መመዘኛዎች መካከል ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት በኢንተርኔት የስም መዝገብ ሥርዓት፣ በዲ.ኤን.ኤስ. በኩል ነው። የላኪው ሰርቨር የአይ.ፒ. አድራሻ 192.0.2.25 ቢሆን፣ ተቀባዩ ሰርቨር ቁጥሮቹን ገልብጦ 25.2.0.192 በማለት የመዝገቡን ስም ከኋላ ቀጥሎ ይጠይቃል። አድራሻው በመዝገቡ ካለ በ127 የሚጀምር ቁጥር መልስ ሆኖ ይመጣል፤ ከሌለ «አይገኝም» ይባላል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። የመልሱ ፍጥነት ያስደንቃል፤ ነገር ግን ጉዞው ባለ አንድ አቅጣጫ መሆኑን ልብ ይሏል። መዝገቡ ይናገራል እንጂ አይሰማም።

ነጭ መዝገብ ለምን አስፈለገ?

ማንኛውም ማጣሪያ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው መጥፎውን ማሳለፍ ነው፤ ሁለተኛው ደጉን መጣል ነው። በቤተ ሙከራ የጨረር ቆጣሪ የተጠቀመ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። የመቁረጫውን ወለል ከፍ ሲያደርግ ጫጫታው ይቀንሳል፤ ከጫጫታው ጋር ግን እውነተኛው ምልክትም ይጠፋል። ወለሉን ዝቅ ሲያደርግ ምልክቱ ሁሉ ይገባል፤ ጫጫታውም አብሮ ይገባል። በአንድ ወለል ብቻ ሁለቱንም ማሸነፍ አይቻልም፤ ተጨማሪ መረጃ ያስፈልጋል። ነጭ መዝገብ የታሰበው እንዲህ ያለ ተጨማሪ መረጃ እንዲሆን ነው።

በዚህ ረገድ የሐቢያስ ኩባንያ ታሪክ ትምህርት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው ይህ የአሜሪካ ኩባንያ የቅጂ መብት የተጠበቀለት ሃይኩ፣ ማለትም በጃፓን ስልት የተጻፈ አጭር ግጥም፣ በመልእክቱ ራስጌ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ግጥሙን መጠቀም የሚችለው አይፈለጌ መልእክት ላለመላክ የተስማማ ላኪ ብቻ ነበር፤ ሳይፈቀድለት የገለበጠው በቅጂ መብት ሕግ ይከሰሳል። ሐሳቡ ብልህነት የተሞላበት ነበር። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ግጥሙን እየገለበጡ መላክ ጀመሩ፤ የታማኝነት ምልክት የነበረውም የማታለያ ካባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዋስትናው በግጥም ሳይሆን በአይ.ፒ. አድራሻ መዝገብ ላይ እንዲመሠረት ተደረገ።

በዚያው ዘመን አይረንፖርት የተባለው ኩባንያ ቦንድድ ሴንደር የሚል ሌላ ሥርዓት አቅርቦ ነበር። ላኪው ገንዘብ ያስይዛል፤ አቤቱታ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ከያዣው ይቆረጣል። ይህ ዋስትና በትክክለኛ ትርጉሙ ነው ማለት ይቻላል፤ የቆመውም አቤቱታን በመቀበል ላይ ነበርና። ሁለቱም ሥርዓቶች በኋላ ወደ ሪተርን ፓዝ ኩባንያ ተጠቃለው ገቡ፤ ሪተርን ፓዝም በተራው እ.ኤ.አ. በ2019 በቫሊዲቲ ተገዛ።

ስፓምአሳሲን ለእነዚህ መዝገቦች የሰጠው ክብደት ቀላል አልነበረም። በአንድ ወቅት ከፍተኛው የሐቢያስ ዕውቅና 8 ነጥብ፣ የቦንድድ ሴንደር ደግሞ 4.3 ነጥብ ያስቀንስ ነበር። ሌላው ዲ.ኤን.ኤስ.ደብሊው.ኤል. የተባለው መዝገብ ለከፍተኛ የታማኝነት ደረጃ 5 ነጥብ ያስቀንሳል። እስቲ እናስላው። የአንድ መልእክት ቃላት 3.5፣ በውስጡ ያለው የድረ-ገጽ አድራሻ 2.0፣ የራስጌው ጉድለት 1.6 ነጥብ ቢያሰጡት ድምሩ 7.1 ይሆናል፤ ያለ ጥርጥር ይጣላል። ከዚህ ላይ 8 ሲቀነስ ውጤቱ ከዜሮ በታች 0.9 ነው። የአንድ ዋስ ቃል የሦስት ምስክሮችን ቃል ሻረ ማለት ነው። ይህን ያህል ሥልጣን የተሰጠው አካል ሲሳሳት የሚጠየቅበት መንገድ ሊኖር አይገባምን?

ያልተዘጋው ቀለበት

ቴርሞስታት ያለው የልብስ ካውያ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኃይሉን ራሱ ያቋርጣል። ቴርሞስታቱ የተበላሸበት ካውያ ግን ልብሱ ቢቃጠልም መጋሉን አይተውም፤ የሥራው ውጤት ወደ ራሱ ተመልሶ አይነገረውምና። ፊዚክስና ምሕንድስና ይህን ልዩነት ዝግ ቀለበትና ክፍት ቀለበት ብለው ይጠሩታል። ግብረ መልስ የሌለው ሥርዓት በመጀመሪያው ቀን በትክክል ቢስተካከልም ውሎ አድሮ መዛነፉ አይቀርም።

ጥቁር መዝገቦች በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው። ስፓምአሳሲን ተጠቃሚው «ይህ አይፈለጌ ነው» ያለውን መልእክት ሬዘር፣ ፓይዞር፣ ዲ.ሲ.ሲ. እና ስፓምኮፕ ወደተባሉት የጋራ መዝገቦች የሚያሳውቅበት ትእዛዝ አለው። መጥፎውን መጥፎ ለማለት በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። በነጭ መዝገብ በኩል ግን የኖረው ልማድ ደካማ ነው። ሪተርን ፓዝን በሚመለከቱት መመዘኛዎች መግለጫ ላይ የአቤቱታ ኢ-ሜይል አድራሻ ተጽፎ እንደነበር እናስታውሳለን፤ በጎ እርምጃ ነበር። ሆኖም አድራሻውን የሚያየው ራስጌ ከፍቶ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። ከሺህ ተጠቃሚ ስንቱ ራስጌ ያነባል?

ጉዳዩን የሚያከብደው ደግሞ የጥቅም ግጭት ነው። ሁሉም እንዲህ ባይሆኑም አንዳንድ ነጭ መዝገቦች ገቢያቸው ከላኪዎች የሚሰበሰብ ነው። ዋሱ ደመወዙን የሚቀበለው ዋስ ከሆነለት ሰው ነው ማለት ነው። ሰዎቹ ክፉ ናቸው እያልን አይደለም፤ ነገር ግን ከላኪ በኩል ገንዘብ የሚመጣበት ሰፊ መንገድ ተዘርግቶ፣ ከተቀባይ በኩል አቤቱታ የሚመጣበት መንገድ ከጠበበ ሚዛኑ ወደየት እንደሚያጋድል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ምን ይደረግ?

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የአቤቱታው ሥራ የማጣሪያው ሶፍትዌር አካል ይሁን። ለአንድ መዝገብ ብቻ የተሰፋ፣ ትጉሆች ፈልገው የሚጭኑት ቅጥያ ሳይሆን በማንኛውም ነጭ መዝገብ ላይ የሚሠራ መደበኛ ክፍል ሊሆን ይገባዋል።

አንደኛ፣ ተጠቃሚው አንድን መልእክት አይፈለጌ ሲለው ሶፍትዌሩ ወደኋላ ተመልክቶ «ለዚህ መልእክት ነጥብ ያስቀነሰ ነጭ መዝገብ ነበርን?» ብሎ ይጠይቅ። ከነበረ ጥቆማው በቀጥታ ለዚያ መዝገብ ይላክ። ተጠቃሚው አንድ ቁልፍ ከመጫን ሌላ ሥራ አይጠበቅበትም።

ሁለተኛ፣ ጥቆማው ወጥ ቅርጽ ይኑረው። አዲስ መፍጠር አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አር.ኤፍ.ሲ. 5965 በሚል ቁጥር የወጣው የአቤቱታ ቅርጽ፣ ኤ.አር.ኤፍ. የሚባለው፣ ለዚሁ ዓላማ የተዘጋጀና በኮምፒዩተር የሚነበብ ነው።

ሦስተኛ፣ ተጠቋሚው የሚለየው የራሳችን ሰርቨር በዓይኑ ባየው የአይ.ፒ. አድራሻ እንጂ በመልእክቱ ላይ በተጻፈው የላኪ ስም አይሁን። ስምን ማንም ሊያስመስል ይችላል፤ በስም ብንጠቁም ንጹሑን እንወነጅላለን።

አራተኛ፣ ምላሽ ያልሰጠ መዝገብ ክብደቱን ይጣ። በአንድ ሰርቨር ላይ የአንድ መዝገብ ስሕተት ሲበዛ ሶፍትዌሩ የዚያን መዝገብ ነጥብ ደረጃ በደረጃ ወደ ዜሮ ያውርደው። ቀለበቱ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው።

ጥቆማው ተሰባስቦ ወደ መዝገቡ መሄድ ያለበት ለምንድን ነው? አንድ ተቋም ለራሱ ቢቆጥር አይበቃምን? እዚህ ላይ የስታትስቲክስ ትምህርታችን ይረዳናል። አንድ ተቋም ከአንድ ላኪ 1,000 መልእክት ተቀብሎ 3 ጥቆማ ቢመዘግብ ድርሻው 0.3 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ቆጠራ የፖይሶንን ሕግ ይከተላል ብንል የስሕተቱ ወርድ የ3 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1.7 ያህል ነው፤ ይህም የቁጥሩን 58 በመቶ ያህላል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ማንንም መፍረድ አይቻልም። 100 ተመሳሳይ ተቋማት ቁጥራቸውን ቢያዋጡ ግን 300 ጥቆማ ይገኛል፤ ስሕተቱም 17፣ ማለትም 6 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ጭላንጭል የነበረው ለሁሉም ብርሃን ይሆናል።

ታላላቆቹ ኩባንያዎች ይህን አስቀድመው ተረድተውታል። ጉግል ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልኩ ሁሉ የአቤቱታ ድርሻቸው 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል፤ ያሁም ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል። እነርሱ የራሳቸው እጅግ ብዙ ተጠቃሚ ስላላቸው የራሳቸው ዓይን አላቸው። የራሱን ሰርቨር የሚያስተዳድር አንድ ዩኒቨርሲቲ ግን ብቻውን ያን ያህል ማየት አይችልም። ትናንሾቹ ዓይናቸውን ካላዋጡ ውሎ አድሮ ሁሉም ኢ-ሜይሉን ለሁለት ወይም ለሦስት ግዙፍ ኩባንያዎች አስረክቦ ይቀመጣል። የምንሰጋው ይህን ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ሰዎች ራሳቸው የተመዘገቡበትን ጋዜጣ ሲሰለቻቸው አይፈለጌ ይሉታል» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። በመሆኑም አንድ ጥቆማ ፍርድ ሊሆን አይገባም፤ ማስረጃ ነው። የሚመዘነው ድርሻው እንጂ አንዱ ጥቆማ አይደለም። ተፎካካሪን ለመጉዳት በሐሰት የሚጠቁምም አይጠፋም፤ ስለዚህ ጥቆማ አቅራቢው ሰርቨር የሚታወቅ ይሁን፤ ከአንድ ምንጭ የሚመጣ ጥቆማም ክብደቱ ገደብ ይኑረው። ዋሱ እንዲጠየቅ የምንሻ እኛም ስንጠቁም ልንጠየቅ ይገባናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የግል ምስጢርን ይመለከታል። ጥቆማ ማለት ለእኛ የተላከን ደብዳቤ ለሌላ ማሳየት ነውና። ይህን ሥጋት በቁም ነገር እንወስደዋለን። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱም ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም መሆኑን ያሳያል። በእኛ እምነት በመነሻው የሚላከው የአይ.ፒ. አድራሻው፣ ሰዓቱና የመዝገቡ ስም ብቻ መሆን አለበት፤ የመልእክቱ አካል የሚጨመረው ተጠቃሚው ሲፈቅድ ነው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። አንዳንድ ላኪዎች የአቤት ባዩን ስም ሲያገኙ እርሱን ብቻ ከዝርዝራቸው ሰርዘው ሌላውን ማወካቸውን ይቀጥላሉ፤ በሽታው ሳይድን ምልክቱ ብቻ ይጠፋል። የአቤት ባዩ ማንነት ካልተገለጠ ይህ ማምለጫ ይዘጋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የጠነከረ ነው፤ «ነጭ መዝገብ ከነጭራሹ ይቅር» የሚል ነው። እኛም የጉባኤውን ግብዣ ባየንበት ቀን እንዲህ ማለት ቃጥቶን ነበር። ሆኖም የተማሪያችንን ደብዳቤ ስናስብ ሐሳባችንን ለወጥን። ያ ደብዳቤ የጠፋው ዋስ በማጣቱ ነው። ዋስትናን ብናጠፋ የሚጎዱት ስማቸው ገና ያልታወቀ፣ በቅርቡ መረቡን የተቀላቀሉ፣ ጥቂት መልእክት የሚልኩ ተቋማት ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል የእኛዎቹ ይገኙበታል። በመሆኑም መፍትሔው ዋስን ማባረር ሳይሆን ዋስን ተጠያቂ ማድረግ ነው።

በመጨረሻም

በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢ-ሜይል ማሰራጨትን ይከለክላል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ከሌላ አህጉር የሚላክን መልእክት የአገር ሕግ ብቻውን አይመልሰውም፤ ሶፍትዌር ግን ድንበር አያግደውም።

ስፓምአሳሲን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በወጣው 4.0 እትሙ «ነጭ መዝገብ» የሚለውን ስያሜ ትቶ የእንግዳ መቀበያ መዝገብ የሚል ትርጉም ባለው ሌላ ስም መጠቀም ጀምሯል። ስሙ ምንም ይሁን ምን ጥያቄው አልተለወጠም። እንግዳ ወደ ቤታችን ያስገባ ሰው እንግዳው ሲያጠፋ «ማን አመጣው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን የምንጽፈው እንድታማርሩ አይደለም። ሶፍትዌሩ በፐርል ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጽሑፉ ክፍት ነው፤ ከ3.0 እትሙ ጀምሮም አዲስ ክፍል በቅጥያ መልክ እንዲጨመርበት ሆኖ ተዘጋጅቷል። ከላይ የዘረዘርናቸው አራት ነጥቦች ለአንድ የመመረቂያ ሥራ የሚበቁ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት አንድ ነገር አለ፤ የአይፈለጌ መልእክት ማኅደራችሁን ክፈቱና ተመልከቱ። የመጨረሻው ቀን ያላለፈበት ደብዳቤ እዚያ ሊኖር ይችላል።